የተሸጠ ዕቃ ይመለሳል



«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ጽሑፍ ያላየ ሸማች በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በሱቅ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ በደረሰኝ ግርጌ ይታተማል፤ ዛሬ ደግሞ በቴሌግራም ቻናል ከላፕቶፑ ፎቶ ሥር ይጻፋል። አብዛኞቻችን እንደ ሕግ ተቀብለነዋል። ዕቃው ያገለገለ ከሆነማ መከራከሩም ያሳፍረናል። ዛሬ የማቀርብላችሁ ክርክር አንድ ነው። ይህ አባባል ገዢው ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ በሚገዛበት ገበያ ምክንያት ነበረው፤ ዕቃውን ሳያይ በስልኩ በሚያዝበት ገበያ ግን ምክንያቱ ፈርሷል። ከርቀት የተገዛን ዕቃ መመለስ ሻጭ ለገዢ የሚያደርገው ቸርነት አይደለም። ከግዢው በፊት መደረግ የነበረበት ምርመራ ከርክክብ በኋላ ሲደረግ፣ ውጤቱ አንዳንዴ መመለስ ይሆናል። መብቱ ለምን እንዳለ፣ እስከ የት እንደሚሄድና የት ላይ እንደሚቆም ከዚህ ከአንዱ ሐሳብ መረዳት ይቻላል።

ለዚህ ክርክር ከየትኛውም ምሳሌ የሚበልጠው በጀርመን አገር የተነሣ አንድ ሙግት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 አንዲት ሸማች ከኢንተርኔት ነጋዴ ያገለገለ ላፕቶፕ በ278 ዩሮ ገዛች። በኦገስት 2006 የላፕቶፑ ስክሪን ተበላሸ። ለሻጩ አሳወቀች፤ ሻጩ በነፃ አልጠግንም አለ። በኖቬምበር ወር ውሉን ትቻለሁ፣ ላፕቶፑን ውሰድና ገንዘቤን መልስ ስትል ጠየቀችው። በጀርመን ሕግ ከርቀት የገዛ ሸማች ምክንያት ሳይሰጥ ውሉን የሚተውበት የተወሰነ ጊዜ አለው፤ በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ግን ሻጩ ይህን መብት በተገቢው መንገድ በጽሑፍ ካላሳወቀ ጊዜው መቁጠር አይጀምርም ነበር። ይህ ሻጭ ማስታወቂያውን በድረ ገጹ ላይ ከማስቀመጥ አልፎ ለገዢዋ በሚገባው መልክ አላደረሰም ነበርና መብቷ ገና አላለፈም። ሻጩ በበኩሉ ላፕቶፑን ስምንት ወር ያህል ስለተጠቀመችበት የአገልግሎት ዋጋ ትክፈለኝ አለ። ተመሳሳይ ላፕቶፕ ለሦስት ወር የሚከራይበትን 118.80 ዩሮ መሠረት አድርጎ ሲያሰላው 316.80 ዩሮ ሆነ። ስሌቱ የሚለውን ልብ በሉ፦ 278 ዩሮ ከፍላ የገዛችውን ላፕቶፕ ከመለሰች በኋላ፣ ገንዘቧን ማግኘቷ ቀርቶ 38 ዩሮ ከ80 ሳንቲም ዕዳ ይኖርባታል።

ጉዳዩን የያዘው በላር ከተማ የሚገኘው ፍርድ ቤት የአውሮፓ ሕግ እንዲተረጎምለት ሉክሰምበርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ጥያቄ ላከ። መልሱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 3 ቀን 2009 በመዝገብ ቁጥር ሲ-489/07 ተሰጠ። ፍርድ ቤቱ የተነሣው የመብቱ ዓላማ ምንድን ነው ከሚለው ጥያቄ ነው። ከርቀት የሚገዛ ሰው ውሉን ከመዋዋሉ በፊት ዕቃውን የማየትና ባሕርዩን የማወቅ ዕድል የለውም፤ የመመለስ መብት የተሰጠው ይህን ጉዳቱን ለማካካስ፣ ዕቃውን የሚመረምርበትና የሚሞክርበት በቂ ጊዜ ለመስጠት ነው። ስለዚህ ሸማቹ ዕቃውን ስለሞከረ ብቻ እንዲከፍል የሚያደርግ ሕግ መብቱን በወረቀት ላይ ያስቀረዋል፤ ሻጭ በጥቅሉ የአገልግሎት ዋጋ እንዲጠይቅ መፍቀድም አይቻልም። ይሁን እንጂ ፍርድ ቤቱ በዚህ አላበቃም። መብቱ ከዓላማው በላይ ጥቅም እንዲያስገኝ አልታሰበም። ገዢው ዕቃውን ከቅን ልቦና ውጭ ወይም ያላግባብ በሚያበለጽገው መንገድ ከተጠቀመበት፣ መብቱን ከንቱ እስካላደረገ ድረስ ካሣ ማስከፈል ይቻላል። ገዢው ከልክ በላይ አልተጠቀምኩም ብሎ እንዲያስረዳ ግን ሸክሙ በእሱ ላይ አይጣልም።

የዚህ ውሳኔ ጥበብ ክርክሩን «ዕቃው አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ?» ከሚለው ጥያቄ አውጥቶ «ገዢው ምን የማየት ዕድል ነበረው?» ወደሚለው መውሰዱ ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ገልጦ፣ ሰኮናውን አይቶ፣ አስኪዶ ነው ዋጋ የሚቆርጠው፤ በማግሥቱ «መልስልኝ» ቢል ገበያው የሚስቅበት መመርመር ሲችል ስላልመረመረ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ በፎቶ የሚገዛ ሰው ይህ ዕድል የለውም። ፎቶ የሚያሳየው ክዳኑን፣ ጭረቱንና የኪቦርዱን ፊደል ነው። ባትሪው ቻርጅ ይዞ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ማጠፊያው ላልቶ እንደሆነ፣ ማሽኑ ሲሞቅ ስክሪኑ መስመር ያወጣ እንደሆነ፣ ማራገቢያው ይጮህ እንደሆነ፣ ሃርድ ዲስኩ ሊሞት የተቃረበ እንደሆነ ፎቶ አይናገርም። ከዚህ የባሰም አለ። ከመሥሪያ ቤት የወጣ ላፕቶፕ በቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል ወይም የርቀት መቆጣጠሪያ ተቆልፎ ሊሆን ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ለመጫን ሲሞከር ነው። አዲስ ላፕቶፕ ከፋብሪካ በሺዎች የሚወጣ አንድ ዓይነት ዕቃ ስለሆነ ሞዴሉን ያወቀ ሰው የሚገዛውን ያውቃል ማለት ይቻላል። ያገለገለው ግን እያንዳንዱ የየራሱ ታሪክ ያለው ነው። እንግዲያው የመመርመር ፍላጎቱ የሚበረታው በየትኛው ነው? ባገለገለው። «ያገለገለ ስለሆነ አይመለስም» የሚለው አባባል ነገሩን ገልብጦ ይይዘዋል።

ይህ ለገዢው ብቻ የሚበጅ አስተሳሰብ አለመሆኑን የኢኮኖሚክስ ሊቁ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ አስረድቷል፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች ዋነኛውም ይኸው ነው። ምሳሌው ያገለገለ መኪና ነበር። ሻጩ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ስላልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። መካከለኛው ዋጋ ለመጥፎ መኪና ባለቤት ትርፍ ነው፤ ለጥሩ መኪና ባለቤት ግን ኪሳራ ስለሆነ ከገበያው ይወጣል። ጥሩዎቹ ሲወጡ የቀሩት ይበልጥ መጥፎዎች ይሆናሉ፤ ገዢው ይህን ሲያውቅ ዋጋውን እንደገና ዝቅ ያደርጋል፤ ገበያው እንዲህ እያለ ራሱን ይበላል። ላፕቶፕን በመኪናው ቦታ ብናስገባ አንዲት ቃል መቀየር አያስፈልገንም። መመለስ የማይቻልበት ገበያ የሚጎዳው ሐቀኛውን ነጋዴ ነው፤ ባትሪውን ለክቶ፣ ዲስኩን ፈትሾ፣ ጉድለቱን ጽፎ የሚሸጠው ሰው ድካሙን የሚያምንለት ገዢ አያገኝም። መመለስ ሲፈቀድ ግን የጥሩ ዕቃ ባለቤት የሚፈራው ነገር የለም፤ የሚፈራው የደበቀ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት የሚደባለቁ መብቶችን መለየት ይገባል። አንደኛው ከርቀት የገዛ ሰው ያለ ምንም ምክንያት ውሉን የሚተውበት መብት ነው፤ ዕቃው እንከን ባይኖረውም ይሠራል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። ሁለተኛው ዕቃው ጉድለት ሲኖረው ወይም በመግለጫው ከተባለው ጋር ሳይገጥም ሲቀር የሚነሣ መብት ነው፤ በሱቅም ተገዛ ከርቀት ይሠራል፤ ጊዜውም ረጅም ነው። በጀርመኑ ሙግት ገዢዋ በመጀመሪያ የጠየቀችው ሁለተኛውን ነበር፤ ስክሪኑ ይጠገንልኝ ብላለች። ሆኖም በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ጉድለቱ በርክክብ ወቅት እንደነበረ የሚገመተው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ለታየ ጉድለት ብቻ ነበር። ስክሪኑ የተበላሸው ከስምንት ወር በኋላ ስለሆነ የማስረዳት ሸክሙ በእሷ ላይ ወድቋል፤ ጉድለቱ ገና ከርክክቡ ጊዜ የነበረ መሆኑን አንድ ተራ ሸማች በምን ያስረዳል? የአውሮፓ ኅብረት ይህን ክፍተት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣውና ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው መመሪያ አጥብቦታል። የግምቱ ጊዜ ወደ አንድ ዓመት አድጓል፤ የነጋዴው ኃላፊነት ሁለት ዓመት ነው፤ ላገለገለ ዕቃ አገሮች ይህን በስምምነት ማሳጠር እንዲቻል ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ ከአንድ ዓመት በታች ማውረድ ግን ክልክል ነው። ያገለገለ መሆን የመብቱን ዕድሜ ሊያሳጥር ይችላል፤ መብቱን ግን አያጠፋም።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልግባ። የመጀመሪያው፣ ያገለገለ ዕቃ ርካሽ የሆነው ገዢው አደጋውን አብሮ ስለገዛ ነው የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። አምስት ዓመት ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ክዳኑ ተጭሯል፣ ባትሪው እንደ አዲስ አይደለም ብሎ ሊያማርር አይችልም፤ ዋጋው ይህን ሁሉ ቆጥሮታል። ዋጋ ሊቆጥር የሚችለው ግን የታወቀን ጉድለት ነው። «ባትሪው አንድ ሰዓት ብቻ ይይዛል» ተብሎ ተጽፎ በቅናሽ የተሸጠ ላፕቶፕ ሐቀኛ ሽያጭ ነው፤ «ባትሪው ጥሩ ነው» ተብሎ በዚያው ዋጋ ከተሸጠ ግን ቅናሹ ለአደጋው የተከፈለ ነው ማለት አይቻልም፤ ገዢው ስለ አደጋው መኖር እንኳ አልተነገረውም። በዚህ ክርክር የሚያሸንፍ ሻጭ ቢኖር ጉድለቱን አስቀድሞ የተናገረ ነው፤ ዝም ያለው ሻጭ በዋጋው ርካሽነት መከለል አይችልም።

ሁለተኛውና ጠንካራው ተቃውሞ ሸማቾች መብቱን ይበዘብዙታል የሚለው ነው። ተማሪው ላፕቶፕ አዝዞ የመመረቂያ ጽሑፉን ይጨርስበትና «አልፈለግሁትም» ብሎ ይመልሰዋል ይባላል። በጀርመኑ ሙግትም ገዢዋ ስምንት ወር መጠቀሟ አይካድም፤ ከዚያ በኋላ ሙሉ ገንዘቧን ብትቀበል ሻጩ ቢያዝን አይፈረድበትም። ለዚህ ተቃውሞ መልሱ መብቱን መንፈግ አይደለም፤ መብቱን በዓላማው ልክ መስፋት ነው። መብቱ የምርመራ ምትክ ከሆነ የሚፈቅደውም ምርመራን ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣውና ከጁን 13 ቀን 2014 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው መመሪያ ይህንኑ ልክ በግልጽ አስቀምጧል። ገዢው ዕቃው ከደረሰው ጀምሮ 14 ቀን አለው፤ የዕቃውን ባሕርይና አሠራር ለማወቅ ከሚያስፈልገው በላይ ከነካካው ግን ለቀነሰው ዋጋ ተጠያቂ ነው። መለኪያውም በሱቅ ውስጥ ቢሆን ምን ይፈቀድለት ነበር የሚለው ነው። ላፕቶፑን ማብራት፣ ኪቦርዱን መሞከር፣ ካሜራውንና ድምፁን ማየት፣ የባትሪውን ሁኔታ መፈተን ምርመራ ነው፤ ሙሉ ሴሚስተር መጻፍ ግን መገልገል ነው። ስለ ስምንት ወሩም ቢሆን ጊዜውን ያራዘመው ሻጩ ራሱ ነው፤ መብቷን በሚገባ ቢያሳውቃት ኖሮ በሳምንታት ውስጥ ያበቃ ነበር። ይኸው የ2011 መመሪያ ለዚህም ገደብ አበጅቷል፦ ያላሳወቀ ነጋዴ የሚጠብቀው ተጨማሪ ጊዜ ከ12 ወር አያልፍም፤ በዚያ ጊዜ ለደረሰው የዋጋ ቅናሽ ግን ገዢውን መጠየቅ አይችልም። ብዝበዛን የሚፈራ ነጋዴ መድኃኒቱ በእጁ ነው፤ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ከዕቃው ጋር ይላክ።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሰፈራችን ይመጣል። ላፕቶፑን ቀይሮ አሮጌውን በፌስቡክ የሚሸጥ ጎረቤትስ እንደ ነጋዴ ይጠየቅ ወይ? አይጠየቅም፤ መጠየቅም የለበትም። የሸማች ጥበቃ ሕግ የቆመው በባለሙያና በተራ ሰው መካከል ያለውን የእውቀት ልዩነት ለማስተካከል ነው፤ ሁለቱም ተራ ሰዎች ሲሆኑ ልዩነቱ ያን ያህል የለም። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ከቡልጋሪያ በመጣለት የመዝገብ ቁጥር ሲ-105/17 ጉዳይ፣ በድረ ገጽ በተሸጠ ያገለገለ የእጅ ሰዓት ምክንያት የተነሣውን ክርክር ሲመለከት፣ አንድ ሰው ስምንት የአዲስና ያገለገሉ ዕቃዎች ማስታወቂያ ስላወጣ ብቻ ነጋዴ አይባልም ብሏል። መታየት ያለበት ሽያጩ የተደራጀ መሆኑ፣ ለትርፍ መሆኑ፣ በተደጋጋሚ መደረጉ፣ ዕቃው ለመሸጥ ተብሎ የተገዛ መሆኑና ሻጩ ከገዢው የላቀ እውቀት ያለው መሆኑ ነው። ይህ መለኪያ ለእኛም ይበጃል። የራሱን አንድ ላፕቶፕ የሚሸጥ ጎረቤት ጎረቤት ነው፤ በቴሌግራም ቻናሉ ከዱባይ ያስመጣቸውን ያገለገሉ ላፕቶፖች በየዕለቱ እየለጠፈ የሚሸጥ ሰው ግን ሱቅ የለኝም ስላለ ነጋዴነቱ አይቀርም።

አራተኛው ተቃውሞ ወጪ ነው። ዕቃ መመለስ ሲፈቀድ ነጋዴው ወጪውን በዋጋው ላይ ይጨምራል፤ ስለዚህ የማይመልሱት ሸማቾች ለሚመልሱት ይከፍላሉ ይባላል። ጥቂት ጭማሪ መኖሩን አልክድም። ግን መመለስ ሲከለከል ወጪው አይጠፋም፤ ተሰብስቦ የተበላሸው ላፕቶፕ በደረሰው በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ያ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አዲስ ለመግዛት አቅም ያጣና ያጠራቀማትን የሰጠ ነው። ጉዳቱን ለመሸከም አቅሙ ያለው ማን ነው? ዕቃውን የፈተሸው፣ መልሶ መሸጥ የሚችለውና ካመጣበት ሰው ጋር የሚከራከረው ነጋዴው ነው። ያም ሆኖ ሕጉ ሁሉንም በእሱ ላይ አልጫነም፤ በአውሮፓው ሥርዓት ነጋዴው አስቀድሞ ካሳወቀ የመመለሻውን ማጓጓዣ የሚከፍለው ገዢው ነው፤ ነጋዴውም ዕቃው እጁ እስኪገባ ወይም መላኩን የሚያሳይ ማስረጃ እስኪያገኝ ገንዘቡን ይዞ መቆየት ይችላል።

በአገራችን ሕግም ይህ አስተሳሰብ እንግዳ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2287 ሻጩ ዕቃው ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነፃ መሆኑን ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። ቀጥሎም ገዢው ዕድሉን እንዳገኘ ዕቃውን እንዲመረምርና ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ሕጉ የሚለው «ዕድሉን እንዳገኘ» መሆኑን አስተውሉ፤ ለርቀት ገዢ ይህ ዕድል የሚመጣው ዕቃው ቤቱ ሲገባ ነው። ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭም ከዋስትና ነፃ ነኝ የሚል ቃል ቢያስፈርም አያድነውም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 በበኩሉ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ ያገለገለን ወይም የታደሰን ዕቃ አዲስ አስመስሎ መሸጥንም ከልክሏል። እንግዲህ በደረሰኝ ግርጌ የታተመ አንድ መስመር ሕግ አውጪው የሰጠውን ሊሽር ይችላል ብሎ ማሰብ አይገባም። ነጋዴው ጉድለት የሌለበትን ዕቃ አልመልስም ብሎ ሊከራከር ይችል ይሆናል፤ ጉድለት ላለበት ግን ያ ጽሑፍ መልስ አይሆንም።

በአውሮፓ የምትኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የበለጠ የተዘረዘረ መብት አላችሁ፤ ሳትጠቀሙበት ጊዜው እንዳያልፍ ጥንቃቄ ያሻል። ያገለገለ ላፕቶፕ ከነጋዴ በኢንተርኔት ስትገዙ የማስታወቂያውን ገጽና ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትን በስክሪን ቅጂ አስቀምጡ፤ ነገ «እንዲህ አላልኩም» ሲባል የሚመሰክረው እሱ ነው። ዕቃው በደረሰበት ቀን ሳጥኑ ሲከፈት ቪዲዮ ቅረጹ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ባትሪውን፣ ስክሪኑንና ዲስኩን፣ በቀድሞው ባለቤት አለመቆለፉንም መርምሩ። መመለስ ከፈለጋችሁ በስልክ ከማለት ይልቅ ቀኑ በሚታወቅ ጽሑፍ አሳውቁ፤ የግል ፋይላችሁን ካጠፋችሁና ከአካውንታችሁ ከወጣችሁ በኋላም ላኩት። ይህ ሁሉ ከነጋዴ ጋር ለሚደረግ ግዢ ነው፤ ከግለሰብ የሚገዛ ሰው ግን ከመክፈሉ በፊት ሄዶ ቢያይ ይሻለዋል።

ለአገር ቤት ነጋዴዎቻችን የማቀርበው ጥሪ ቀላል ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ በፎቶ የምትሸጡ ከሆነ የባትሪውን ሁኔታ፣ የዲስኩን ዓይነትና የታወቀውን ጉድለት ሁሉ ጻፉ፤ ዕቃው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ገዢው የሚመረምርበትን የቀን ብዛትም በጽሑፍ ስጡ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እንደ ተረከበው አድርጎ የመለሰውን ሰው ገንዘብ ያለ ጭቅጭቅ መልሱ፤ የጎዳውን ደግሞ የጉዳቱን ልክ አስከፍሉ። ለሸማቹም የምለው አለኝ፤ የመመርመሪያ ቀን ከማይሰጥ ሻጭ ሳታዩ አትግዙ፤ ጉድለት ስታገኙም በ15 ቀኑ ውስጥ በጽሑፍ ጠይቁ። መብት የሚኖረው የሚጠይቀው ሲኖር ነውና።